በውኃ ዳር ለሰፈሩ ጀማሪ አስጋሪዎች በአነስተኛ ዋጋ ዘንግ፣ ክርና መጠምጠሚያ ስለመምረጥ

በድርቅ የተጎዳ ቤተሰብ በወንዝ ወይም በሐይቅ አጠገብ ሲሰፍር፣ የመጀመሪያው ሰብል ተዘርቶ፣ ታርሞና ታጭዶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉም የከበደ ነው። የእርዳታው እህልና ዘይት በወቅቱ ቢደርስም ከገበታው ሥጋና ወተት ይጎድላል፤ ላሚቱ በድርቁ ሞታለች፣ ዶሮዋም ገና አልተራባችም። ዓሣ ይህን ጉድለት በከፊል ሊሞላ የሚችል ምግብ በመሆኑ፣ የማስገሪያ መሣሪያ በማቋቋሚያ ዕቅዶች ውስጥ ይጠቀሳል። ዓሣ ከመስጠት ማጥመድን ማስተማር ይሻላል የሚለው አባባልም በየስብሰባው ይደጋገማል። አባባሉ ግን መንጠቆው ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ክሩም ስንት ኪሎ እንደሚችል አይናገርም። ግዢ የሚበላሸው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓጉዟል። በዚያ ሰፈራ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ተበትኗል። ከዚሁ ጋር የደጋው ገበሬ ከማያውቀው ውኃ ዳር ወረደ። ፓዌ በበለስ ወንዝ አካባቢ ነው፤ የጋምቤላ የሰፈራ ጣቢያዎችም ከባሮና ከአልዌሮ ብዙ አይርቁም ነበር። በዚያ አገር የአኙዋክና የኑዌር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲያወጣ ኖሯል፤ ከሰሜን የመጣው ሰፋሪ ግን በአብዛኛው ማረሻ እንጂ መንጠቆ ጨብጦ አያውቅም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ጀማሪ ሲባል ልጅ ማለት አይደለም። የአርባ ዓመት አባወራም በውኃ ዳር ጀማሪ ነው፤ የሚሰጠውም መሣሪያ ይህን ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል።

ከግዢ በፊት መነሣት ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ መጠምጠሚያ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ነው። ለአብዛኛው ሰፋሪ መልሱ አያስፈልግም የሚል ነው። በወንዝ ዳርቻ፣ በቦይ መግቢያና በሐይቅ ጠርዝ ባለው ሣርና ደንገል መካከል የሚገኘው ቆሮሶ ከዳር ብዙ አይርቅም። እዚያ ለመድረስ ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚሆን ቀጥተኛ ዘንግና የዘንጉን ርዝመት የሚያህል ክር ይበቃል። ዘንጉ ደግሞ በብዙ ሥፍራ በነጻ ይበቅላል። በመተከልና በአሶሳ በብዛት የሚገኘው የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል፣ ውስጡ ድፍን በመሆኑ ከባድ ቢሆንም እጅግ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ቀጭኑ ይመረጣል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለእጅ ይቀላል። ሸምበቆም ያገለግላል። የትኛውም ቢሆን እንጭጩ ሳይሆን የበሰለው ተቆርጦ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት ተጋድሞ መድረቅ አለበት። በፀሐይ በችኮላ የደረቀ ይሰነጠቃል፤ ተደግፎ የቆመም ይጎብጣል።

ክሩን በጫፉ ላይ ብቻ ቋጥሮ መተው የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ክሩ ከእጀታው ጀምሮ በዘንጉ ላይ በሁለት ሦስት ቦታ እየታሰረ እስከ ጫፉ መሄድ አለበት፤ ይህ ከሆነ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣውም ክሩም አይጠፋም።

የክር ምርጫ በውፍረት ነው። ለቆሮሶ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጠላ የናይሎን ክር በቂ ነው፤ እንደ ጥራቱ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ይችላል። ወፍራም ክር ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ 0.60 የሚገዛ ሠራተኛ ገንዘቡን አላዳነም፤ ቆሮሶ ወፍራሙን ክር አይቶ ይሸሻልና። በዘንግ 10 ሜትር ከታሰበ ባለ 100 ሜትር አንድ ጥቅል ለ10 ዘንግ ይዳረሳል። ናይሎን በፀሐይ ብርሃን እየደከመ ስለሚሄድ ግን ጥቅሉ በመጋዘኑ መስኮት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ቋጠሮም የክሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ ቢረጥብ ጉዳቱ ያንሳል።

በመንጠቆ ላይ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የግዢ ማዘዣዎች ይበልጥ የሚሳሳቱት በቁጥሩ ነው። ከ1 በላይ ባሉት ተራ ቁጥሮች፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 12 ከቁጥር 8 ያነሰ ነው። በአጠገቡ ዜሮ የተጻፈበት፣ እንደ 1/0፣ 2/0፣ 4/0 ያለው ግን ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይተልቃል። ስለዚህ «ቁጥር 4» እና «4/0» በወረቀት ላይ ቢቀራረቡም አንዱ ለመካከለኛ ዓሣ፣ ሌላው ለትልቅ አምባዛ የሚሆን ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ በመሆኑ 8 ወይም 10 ይስማማዋል፤ ለቢልጫ 4 ወይም 6፣ ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 4/0 ያለው ነው። ፋብሪካዎች ቁጥሩን በአንድ ልክ ስለማይሠሩበት፣ ከማዘዣው ጋር አንድ መንጠቆ በካርቶን ላይ ተለጥፎ እንደ ናሙና ቢላክ ከብዙ ደብዳቤ ይሻላል። በርካሽ ከሚሸጡት መካከል በጣት ሲጫኑት የሚቃናው መወገድ አለበት። ተንሳፋፊው ከቡሽ ወይም ከደረቅ አገዳ ቁራጭ፣ ማስጠሚያውም ከትንሽ እርሳስ ወይም ከብሎን ሊሠራ ስለሚችል በእነዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

መጠምጠሚያ የሚያስፈልገው ውኃው ሰፊ፣ ዳሩ ጥልቀት የሌለውና ዓሣው ሩቅ በሚሆንበት ሥፍራ ነው፤ የግድብ ኩሬዎችና አንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በዚያም ቢሆን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሳይሆን ለቡድን ማሰብ ይገባል፤ የአንድ ባለ መጠምጠሚያ ዘንግ ዋጋ ለብዙ ቤት መንጠቆና ክር ይገዛልና። ዘንጉ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ 2 ሜትር ወይም ጥቂት በለጥ የሚል፣ በሁለት የሚገጣጠም ቢሆን ይመረጣል። የካርቦኑ ዘንግ ቀላልና ውድ ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ሲጋጭ በቀላሉ ይሰበራል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ በመብረቅ ወቅትና በኤሌክትሪክ ገመድ ሥር አደገኛ ነው። ፋይበርግላስ ከበድ ቢልም የጀማሪን እጅና የመጋዘንን አያያዝ ይችላል።

መጠምጠሚያው ክሩ በማይዞር ማጠንጠኛ ላይ የሚጠቀለልበት፣ በፊቱ የሚከፈትና የሚዘጋ የሽቦ ቅስት ያለው ዓይነት ቢሆን ለመማር ቀላል ነው። ሻጮች በውስጡ ያለውን የኩሽኔታ ብዛት ያስተዋውቃሉ፤ ኩሽኔታው መብዛቱ ብቻውን ጥራትን አያሳይም፤ ጥቂት ያለው ጠንካራ ሥራ ብዙ ካለው ደካማ ሥራ ይበልጣል። የሚፈተነው በእጅ ነው። እጀታው ሲዞር መንቀጥቀጥና መፋጨት የለበትም፤ የሽቦ ቅስቱ ሲዘጋ ጥርቅም ማለት አለበት። ዓሣው ሲጎትት ክሩን የሚለቀው ፍሬን ጠበቅ ሲደረግ መያዝ፣ ላላ ሲደረግ ሳይንጠለጠል መልቀቅ ይኖርበታል፤ ፍሬኑ የሚንጠለጠል ከሆነ ትልቅ ዓሣ ክሩን ይበጥሳል። በዘንጉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ውስጥ ጥቂት ጥጥ ቢጎተት፣ ስንጥቅ ያለበት ቀለበት ጥጡን ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ቀለበት ክሩን እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ ዘንጉ ይመለሳል። ከውጭ በስጦታ የሚመጣ ልዩ ልዩ ዓይነት መጠምጠሚያ የተደባለቀበት ሳጥን በመጀመሪያ ቢያስደስትም፣ የአንዱ እጀታ ለሌላው ስለማይገጥም በአንድ ዓመት ውስጥ ብረታ ብረት ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓይነት ብቻ መግዛትና ከአሥሩ አንዱን ለመለዋወጫ ማስቀረት ይበጃል።

መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘውን ዘንግ በሳምንት አይዝም፤ ለምን መረብ አይሰጥም የሚል ጥያቄ ስለዚህ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መረብ ጀልባ፣ ገበያና ጠጋኝ ይፈልጋል። በጣና በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ በኋላ፣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የቢልጫ ዝርያዎች በወንዝ አፍ እየተያዙ ቁጥራቸው በእጅጉ መቀነሱ ይታወቃል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስትጠብቅ እምብዛም ስለማትመገብ መንጠቆ ብዙ አያገኛትም፤ መረብ ግን አይለይም። ዘንግ ለቤት ፍጆታ፣ መረብ ለንግድ ነው ማለት ይቻላል። ለንግድ ማስገርን በሚመለከት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ፈቃድን ስለሚጠይቅ፣ ሰፋሪው ለገበያ ማቅረብ ሲጀምር የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ እንዲያውቀው ይደረግ። በሁዳዴ ጾም የዓሣ ተፈላጊነት ስለሚጨምር ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ወቅት ነው። ውኃው ከሰፋሪው በፊት ባለቤት እንዳለው፣ የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎችም ሳይጠየቁ መሣሪያ መታደል እንደሌለበት መዘንጋት አይገባም።

በባሮ አዞ አለ። ረጅም ዘንግ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሳይገባ እንዲያሰግር ማስቻሉ ነው፤ ይህም ከቢልሃርዝያ ጭምር ይጠብቀዋል። ዓሣ በውኃው ጠርዝ ላይ መበለት፣ በየቀኑ በአንድ ሥፍራ መቀመጥና ጉማሬ ለግጦሽ በሚወጣበት መንገድ ላይ ማምሸት መከልከል አለበት። አምባዛ ይበልጥ የሚበላው በሌሊት በመሆኑ፣ ሰው ከሚያመሽ ወፍራም የናይሎን ሲባጎ ከዛፍ ታስሮ፣ በመንጠቆው ላይ የዶሮ አንጀት ተሰክቶ ማታ ይጣላል፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይነሣል። አምባዛ በጎኑና በጎኑ ባለው እሾህ እጅ ስለሚወጋ አያያዙ በሥልጠናው ቀን በተግባር መታየት አለበት።

ለአንድ ቤተሰብ የሚታደለው እንግዲህ 10 ሜትር ክር፣ 10 ትንንሽና 2 ትልልቅ መንጠቆ ነው፤ ዘንጉን ራሱ ይቆርጣል። መንጠቆ በድንጋይና በሥር እየተያዘ ስለሚጠፋ፣ በጣቢያው መጋዘን ቢያንስ የዕደላውን እጥፍ ያህል መንጠቆ መቀመጥና በወር አንድ ቀን ለመተካት መከፈት ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ቤተሰቡ ዘንጉን ለጎጆው ማገር ያደርገዋል።