በወለጋ ከተሞች ባሉ መሥሪያ ቤቶች የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም በታናሽ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚተከልበት አኳኋን

ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለከተማ ሹማምትና ለእርሻ ባለንብረቶች የተጻፈ ትምህርት።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ባሉት መሥሪያ ቤቶች የማዳበሪያው ድልድል፣ የምርጥ ዘሩ ገቢና ወጪ፣ የገበሬውም የስም ዝርዝር ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ መሄዱ የታወቀ ነው። መዝገቡ በአንድ ክፍል ተቀምጦ በሌላው ክፍል እንዲነበብ የሚያደርገውም ኔትወርክ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ኔትወርክ ሲባል ከአዲስ አበባ የሚመጣው መስመር ብቻ ይመስላቸዋል፤ መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነም «ኔትወርክ የለም» ብለው ኮምፒዩተሩን ዘግተው ይቀመጣሉ። ነገሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው የቴሌኮም መስመር ነው፤ ሁለተኛው በግቢው ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከጽሕፈት ቤቱ ወደ መጋዘኑ የተዘረጋው የቤቱ የራሱ መረብ ነው። ሁለተኛው ያለ አንደኛው መሥራት ይችላል። ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ፣ ሦስት ወር ያህል፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክም የኢንተርኔትም አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነበር። የመቋረጡን ምክንያት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትልበታል፤ ይኸውም መስመሩ ሦስት ወር ቢጠፋ የቤቱን መረብ ማዘዝ የሚችለው ማን ነው? የማስተዳደሪያው ፕሮግራም በባሕር ማዶ ባለ ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው የአንዲቱን የዋይፋይ ሣጥን የይለፍ ቃል እንኳ ለመለወጥ ሊቸገር ይችላል። ፕሮግራሙ በገዛ ሣጥኑ ውስጥ ተቈልፎ የሚገኝ ከሆነ ግን ሥራው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ለምሳሌ የሚሆነንን እንውሰድ። ዩቢኪቲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዩኒፋይ የሚል ስም ያላቸውን አክሰስ ፖይንቶች ይሠራል። እነዚህን ሣጥኖች የሚያዝዘው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የሚናገርበትንም የሞገድ መስመር ይሰጠዋል፤ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣም ይመዘግባል። ሣጥኖቹ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ከተቀበሉ በኋላ በራሳቸው ይጠብቁታል። ስለዚህ የማስተዳደሪያው ኮምፒዩተር ቢጠፋ ዋይፋዩ አይጠፋም። እንግዳ ሰው በገጽ ላይ ቃሉን ሰጥቶ የሚገባበት የእንግዳ መግቢያ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን እርሱ ብቻ ያለ ማስተዳደሪያው አይሠራም።

ይህን ፕሮግራም ለመትከል ትልቅ ኮምፒዩተር መግዛት አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የተጀመረው ራዝበሪ ፓይ የሚባለው ታናሽ ኮምፒዩተር በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣ። ስፋቱ የባንክ ካርድ ያህል ነው፤ የሚበላውም ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፖል ብዙ አይበልጥም። ዩቢኪቲ ራሱ ክላውድ ኪይ የሚባል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል፤ እርሱን ማግኘት የሚችል መሥሪያ ቤት ቢገዛው ድካም ይቀንስለታል። ታናሹ ኮምፒዩተር ግን የተበላሸ እንደ ሆነ በሌላ ይተካል፤ ለሌላም ሥራ ይውላል፤ እኛም የምንመርጠው ስለዚህ ነው።

ለግዢ ኮሚቴ አስቀድሞ የሚነገረው ቃል ይህ ነው፤ አራተኛው ራዝበሪ ፓይና አምስተኛው ራዝበሪ ፓይ በዚህ ሥራ ረገድ እኩል አይደሉም። የዩኒፋይ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ ጃቫ የሚባለውን ፕሮግራምና ሞንጎዲቢ የሚባለውን መዝገብ ያዥ ፕሮግራም ይፈልጋል። ሞንጎዲቢ ከ5.0 እትም ጀምሮ የሚሠራው በአዲሱ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ነው፤ የአራተኛው ፓይ ፕሮሰሰር ይህን አያሟላም፤ የአምስተኛው ያሟላል። ጉዳቱም ስውር ነው። ተካዩ ሰው ሁሉን ነገር እንደ ታዘዘው ይፈጽማል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ተቃውሞ ይቀበለዋል፤ በኋላ ሲነሣ ግን መዝገብ ያዡ ወዲያው ይሞታል፤ የዩኒፋዩም ገጽ ሳይከፈት ይቀራል። ተካዩም ምክንያቱን ሳያውቅ ካርዱን ደጋግሞ እየጻፈ ቀኑን ያባክናል። አራተኛውን ፓይ አስቀድሞ የገዛ መሥሪያ ቤት የሞንጎዲቢን 4.4.18 ወይም ከዚያ በፊት ያለውን የ4.4 እትም ይተክላል፤ የያዘው የዩኒፋይ እትም ይህን ይቀበል እንደ ሆነም ከእትሙ ጋር በሚወጣው ማስታወቂያ ላይ ያረጋግጣል። ነገር ግን ለ4.4 ተርታ የሚደረገው ጥገና በ2024 እ.ኤ.አ. ቆሟልና አዲስ የሚገዛ ሰው አምስተኛውን ቢገዛ ይሻላል። ዩቢኪቲ በ2025 እ.ኤ.አ. ዩኒፋይ ኦኤስ ሰርቨር የሚባል ሌላ አተካከል አውጥቷል፤ እዚህ የምንናገረው ግን ቀደም ሲል ስለ ተለመደው ነው።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ባለ 64 ቢት የሆነው ራዝበሪ ፓይ ኦኤስ፣ ይኸውም ሥዕላዊ ገጽ የሌለው ቀላሉ ዓይነት፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ በሚሞሪ ካርድ ይጻፋል። በዚያው ጊዜ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል። ቀድሞ ለሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ይመጣ ነበር፤ ይህ በ2022 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ነው። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፤ ፕሮግራሞቹም ይታደሳሉ፤ ጃቫ፣ ከዚያም ሞንጎዲቢ፣ በመጨረሻም ዩኒፋይ ይተከላል። ይህን ሥራ ነቀምቴ ላይ በደካማ መስመር ከመጀመር ይልቅ አዲስ አበባ ላይ አዘጋጅቶ፣ ፋይሎቹንም ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ 330 ኪሎ ሜትሩን ይዞ መሄድ እጅግ ይቀላል። ፍላሹም ከኮምፒዩተሩ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል፤ ነገ መስመር በሌለበት ቀን እንደ ገና መትከል ሊያስፈልግ ይችላልና።

ተከላው ሲያልቅ በማናቸውም የቤቱ ኮምፒዩተር ብራውዘር ላይ የታናሹ ኮምፒዩተር አድራሻና 8443 የሚለው ቍጥር ይጻፋል። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የምስክር ወረቀቱን የሠራው ራሱ ኮምፒዩተሩ ስለ ሆነ ነው፤ የተጻፈው አድራሻ የራስ ኮምፒዩተር መሆኑ ከተረጋገጠ ማለፍ ይቻላል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በኩባንያው መዝገብ እንድትገቡ ይጠይቃል። እዚህ ላይ መቸኰል አይገባም። ወደ ዝርዝሩ ምርጫ ገብቶ በቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የአስተዳዳሪ ስም መፍጠር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከላይ የተናገርነው ድካም ሁሉ ከንቱ ሆኖ ቍልፉ ተመልሶ በባሕር ማዶ ይቀመጣል።

በዚያው መረብ ላይ ያሉት አክሰስ ፖይንቶች በገጹ ላይ በራሳቸው ብቅ ይላሉ፤ ኃላፊው እየተቀበለ ስም ይሰጣቸዋል። «የዘር መጋዘን»፣ «የማዳበሪያ ክፍል»፣ «የኃላፊው ጽሕፈት ቤት» እየተባለ ቦታው ቢጻፍ፣ ከፋብሪካ የመጣው ቍጥር ግን ባይተው ይሻላል። ሣጥኖቹ ለአለቃቸው የሚናገሩት በ8080 በር በኩል ነው፤ የአለቃውንም አድራሻ በቃላቸው ይይዛሉ። የታናሹ ኮምፒዩተር አድራሻ የተለወጠ እንደ ሆነ ዋይፋዩ እየሠራ ሳለ ሣጥኖቹ በገጹ ላይ እንደ ጠፉ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ለታናሹ ኮምፒዩተር የማይለወጥ አድራሻ ይመደብለታል። እነዚህን በሮች ወደ ውጭው ኢንተርኔት መክፈት ግን አይገባም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ እንመለስ፤ በአገራችን ይህን ዕቃ የሚገድለው በአብዛኛው እርሱ ነው። ታናሹ ኮምፒዩተር መዝገቡን ሳያቋርጥ በካርዱ ላይ ይጽፋል። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል፤ ከተደጋገመም ካርዱ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ ታናሽ ዩፒኤስ መግዛት የቅንጦት ነገር አይደለም፤ መዝገቡንም ከካርድ ይልቅ በኤስኤስዲ ላይ ማኖር ዕድሜ ይሰጣል። ሁለተኛው ስሕተት የስልክ ቻርጀር መሰካት ነው፤ አራተኛው ፓይ ባለ 3 አምፔር፣ አምስተኛው ባለ 5 አምፔር የራሱን ኃይል ሰጪ ይፈልጋል፤ ያለዚያ በሥራ መካከል ይደክማል። ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። አራተኛው ፓይ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን የሚጠይቀው ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ የቀን መዝገቡ ሁሉ ይሳሳታል፤ ማን መቼ እንደ ገባ የሚናገረውም ምስክርነት ዋጋ ያጣል። አምስተኛው ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ደግሞም በክረምት መብረቅ በሚበዛበት በዚህ ደጋ፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የተዘረጋ የኔትወርክ ገመድ የመብረቅ መከላከያና የምድር ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቸል የሚባለው የይለፍ ቃሉ ነገር ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፤ ይሾማል፤ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የመጋዘኑ ቍልፍ በርክክብ ሰነድ ላይ ሲጻፍ የመረቡ ቍልፍ በሰውየው ራስ ውስጥ ይሄዳል፤ ተተኪውም መሣሪያዎቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ለማደስ ይገደዳል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በኃላፊው ማኅተም ተዘግቶ በካዝና ይቀመጥ፤ በርክክብም ዝርዝር ውስጥ በቍጥር ይግባ። አሮጌው ሰው ከተሰናበተ በኋላም በዚያው ቀን ይለወጥ። የአሠራሩም ደብተር ተረኛው ሠራተኛ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ኦሮምኛን መጻፍ በነቀምቴ አዲስ ነገር አይደለም፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እርሱም በኋላ በዚሁ ከተማ አስተምሯል። የእንግሊዝኛውን ገጽ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ባለበት ቤት ግን ያ ሰው የታመመ ቀን መረቡም አብሮ ይታመማል።

የቡና እርሻና የቡና መጋዘን ያላቸው ባለንብረቶችም ከሁለትና ከሦስት የበለጡ አክሰስ ፖይንቶች ካሉባቸው ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አንድ ሣጥን ብቻ ላለው ግን ትርፉ ድካም ነው።

ፕሮግራሙ የራሱን ቅጂ በየጊዜው እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። ቅጂው ግን በዚያው ካርድ ላይ ብቻ ከቀረ ካርዱ ሲሞት አብሮ ይሞታልና በወር አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ቅጂው የሚመለሰው እኩል ወይም አዲስ በሆነ እትም ላይ ነው፤ በአሮጌ እትም ላይ አይመለስም። ተከላው በተፈጸመ በመጀመሪያው ሳምንት ኃላፊው ራሱ ባለበት ከውጭ የሚመጣው ገመድ ለግማሽ ሰዓት ይነቀል። በዚያ ጊዜ ገጹ ይከፈት እንደ ሆነ፣ የአንድ አክሰስ ፖይንት ስም ይለወጥ እንደ ሆነ፣ የመጋዘኑም ሠራተኛ የማዳበሪያውን መዝገብ ከተቀመጠበት ያነብ እንደ ሆነ ይታይ። ቀጥሎ ሁለተኛ ካርድ ገብቶ ቅጂው በእርሱ ላይ ይመለስ፤ የወሰደው ጊዜም ከቀኑና ከሠራተኛው ስም ጋር በደብተሩ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ካርድም ከታሸገው ፖስታ ጋር በካዝና ይቀመጥ።