ጤፍ በሐምሌ አይታጨድም፦ የልቦለድን ስሕተት እንዴት እንለያለን?

ልቦለድ ፈጠራ ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ፣ አዝመራውና መጠጡ ከእውነተኛው ዓለም የተወሰዱ ናቸው። ነገ ወንጂ፣ መቂ ወይም ባቱ ተመድበን ምንባብ ስናስነብብ ፊት ለፊታችን የሚቀመጡት የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ናቸው። እኛ አጨዳን በመጽሐፍ ብናውቀው እነሱ በእጃቸው ያውቁታል። ስሕተቱን እነሱ አይተው እኛ ሳናየው ካለፍን፣ በሌላውም ትምህርት አያምኑንም።

ለመለማመጃ የሚከተለውን አንቀጽ እኛው ጽፈናል። ማብራሪያውን ከማንበባችሁ በፊት ስሕተቱን ፈልጉ።

«ጊዜው ሐምሌ 1966 ዓ.ም. ነበር። ገበሬው አዳማ አጠገብ ካለው ማሳው ጤፉን አጭዶ አውድማ ላይ ወቃ። ሚስቱ ጠዋት የጣለችውን ጠጅ ማታ ቀዳችለት። ከተሜው ወንድሙ ግን ሪፍት ቫሊ የተባለውን የዝዋይ ወይን ጠጅ ከፈተ። መጠጡ ነጭ ነው፤ የተጠመቀው ግን ከጥቁር ወይን ነው።»

1ኛ/ ወሩ፦ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል እንጂ አይታጨድም። አጨዳው ብዙውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። አውድማም ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ማን በሬ ይነዳል?

2ኛ/ የሚፈጀው ጊዜ፦ ጠጅ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት የሚብላላ መጠጥ ነው። ለመድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ለዕለቱ የሚደርስ ብርዝ ነው።

3ኛ/ ዘመኑ፦ ዛሬ ባቱ በምንላት በዝዋይ የሚጠመቀው ሪፍት ቫሊ ገበያ ላይ የዋለው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በ1966 ዓ.ም. ከየት ይመጣል? ደራሲው ጉደር ቢል ኖሮ ባላስቸገረ።

4ኛ/ ወጥመዱ፦ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው! ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያገኘው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ጭማቂው ቶሎ ከልጣጩ ከተለየ ከጥቁር ወይንም ነጭ ይወጣል። የፈረንሳዩን ሻምፓኝ የሚጠምቁትም ይህን ያደርጋሉ።

እንግዲህ እንግዳ የሆነብን ሁሉ ስሕተት አይደለም። በአውሮፓ ወይን በአብዛኛው የሚለቀመው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ በክረምቱ ብርድ ቅጠሉ ረግፎ ተክሉ ያርፋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ የለቀማውን ወር ይበልጥ የሚወስነው ገበሬው ተክሉን የሚገርዝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የባቱን ለቀማ በፈረንሳይ ወር ለክተን «ተሳሳተ» ማለት ራሱ ስሕተት ነው።

ምንባብ ስናዘጋጅ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የት? መቼ? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ካልገባን የሚያውቀውን እንጠይቅ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይሄማ እንዲህ አይደለም» ቢለን አናሳፍረው፤ እንዲያስረዳን ሰሌዳው ፊት እናውጣው።

የቤት ሥራ፦ «ወንጂ ላይ በጥቅምት የተተከለው ሸንኮራ አገዳ በጥር ተቆርጦ ስኳር ሆነ።» ስሕተቱ ምንድን ነው? መልሱን ከወንጂ የመጡ ጓደኞቻችንን ጠይቁ።