የሶማሌ ሕዝብ አገርና ባህል፤ ከሀውድ ሜዳ እስከ ናይሮቢ

የአንድን ሕዝብ አገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ዘርግቶ ወሰኑን በጣቱ ይከተላል። የሶማሌን ሕዝብ አገር በዚህ መንገድ ሊያጠና የሚነሣ ግን ጣቱ ከብዙ መንግሥታት ወሰን ላይ ያርፍበታል፤ ሕዝቡ በሶማሊያ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኬንያ ተከፋፍሎ ይኖራልና። ስለዚህ ከወሰኑ አስቀድሞ ዝናቡን፣ የውሃ ጉድጓዱንና ሽማግሌዎች የሚጠብቁትን ሕግ መማር ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት የዘነጋ አስተዳዳሪ በግጦሽ የተጀመረ ጥቂት ጠብ በእጁ ላይ ወደ ደም መፋሰስ ሊደርስበት ይችላል።

ስለ አገሩ

የሶማሌ ምድር ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ጅጅጋ ከፍታ ይወጣል፤ በደቡብም በኬንያ እስካለው የጣና ወንዝ ግድም ይዘልቃል፤ ይህም ወንዝ ከእኛ ጣና ሐይቅ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል ነው። አብዛኛው መሬት ዝናብ የሚያጥረው ቆላ ነው። ዋናዎቹ ወንዞች ዋቢ ሸበሌና ጁባ ሲሆኑ፥ ሁለቱም ውሃቸውን የሚያገኙት ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። በወንዞቹ ዳርና በጅጅጋ ሜዳ ማሽላና በቆሎ የሚያርስ ገበሬ አለ። ከገበሬውና ከከተማው ነዋሪ የቀረው ሕዝብ ግን ግመሉን፣ በጉን፣ ፍየሉንና ላሙን እየነዳ ሣርና ውሃ ወዳለበት ይዘዋወራል።

ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ዋናው ዝናብ ጉ ይባላል፤ ቀጥሎ ደረቁ ሐጋ ይመጣል። በጥቅምትና በኅዳር የሚዘንበው አነስተኛው ዝናብ ዴይር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጅላል ደግሞ ብርቱው የበጋ ወቅት ነው። እረኛው የሚጓዘው በዘፈቀደ ሳይሆን ይህን አቆጣጠር ተከትሎ ነው።

ለዚህም የሀውድ ሜዳ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሜዳ በዝናብ ጊዜ ሣሩ የበዛ ሲሆን፥ ቋሚ ውሃ ግን ከጥንት ጀምሮ አልነበረውም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ቋሚ ጉድጓድ ያላቸው ጎሣዎች በዝናብ ወደ ሀውድ ይወርዱ፥ በበጋ ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሱ ነበር። በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ወሰን ሲዋዋሉ፥ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች በግጦሹና በጉድጓዱ እንዲጠቀሙ ተስማምተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቆይቶ የነበረው ሀውድ በ1947 ዓ.ም. ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስም የግጦሹ መብት በውሉ ውስጥ ተጠብቋል። እንግዲህ ወሰኑን ያሰመሩት መንግሥታት ራሳቸው ዝናብ ወሰን እንደማያውቅ ፈርመው አረጋግጠዋል።

ስለ ኑሮውና ስለ ቋንቋው

የተዘዋዋሪው ቤት አቃል ይባላል። ከተቆለመመ እንጨትና ከተሠራ ሰሌን የሚቆም ሲሆን፥ የምትሠራውም የምታፈርሰውም ሴቲቱ ናት። ጉዞ ሲሆን ቤቱ በሙሉ በግመል ጀርባ ይጫናል። ግመል ወተት ይሰጣል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ለጥሎሽና ለካሣም ይከፈላል፤ የሰው ሀብቱም ክብሩም በእርሱ ይለካል።

ሕዝቡ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። ቋንቋው በ1965 ዓ.ም. በሶማሊያ መንግሥት ውሳኔ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ትምህርት ቤቶች በዚሁ ፊደል ይጻፋል። ከዚያ አስቀድሞ የሕዝቡ መዝገብ ግጥም ነበር። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ሲሆን፥ የሶማሌው ግን በቃል መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ አንዱ ድምፅ ከግጥሙ መነሻ እስከ መድረሻው ይደጋገማል። ግጥሙን በቃሉ የሚያደርስ ሰው የገጣሚውን ስም እንዲናገር ልማዱ ያስገድደዋል። ከ1890ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞችን የተዋጉትና በ1913 ዓ.ም. በዋቢ ሸበሌ ዳር በኢሚ ያረፉት ሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን በጦራቸው የታወቁትን ያህል በግጥማቸውም የታወቁ ናቸው።

ስለ ሕጉ

የጎሣው ሕግ ሔር ይባላል። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው የሚመክሩበት ሲሆን፥ በጎሣና በጎሣ መካከል የተደረገ ውል ነው። በዚህ ሕግ ሴት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ የሃይማኖት ሰው፣ እንግዳና የሰላም መልእክተኛ በጠብ ጊዜ ከጦር የተጠበቁ ናቸው።

ሰው የገደለ ሰው ዕዳውን ለብቻው አይሸከምም፤ የወገኑ ማኅበር በሙሉ ይካፈለዋል። ማግ የተባለው የደም ካሣ በልማድ ለወንድ መቶ፣ ለሴት አምሳ ግመል ሆኖ ይነገራል፤ መጠኑ ግን እንደ ውሉ ይለያያል። ከካሣው ከፊሉ ለሟች የቅርብ ዘመዶች፥ ቀሪው ለሰፊው ወገን ይደርሳል። ዕዳው የሁሉም በመሆኑ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጎበዝ ይገሥጻል።

አስተዳዳሪው በብርቱ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ገዳዩን ብቻ አሥሮ ማጉ ሳይከፈል ቢቀር፥ በሟች ወገን ዘንድ ደሙ እንደ ፈሰሰ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊገደል ይችላል። በሌላ በኩል በማግ ብቻ ጉዳዩ ቢዘጋ፥ ሀብታም ወገን ያለው ሰው ሳይፈራ ይገድላል፤ የተበደለችውም ሴት ካሣውን ወንዶች ዘመዶቿ ሲካፈሉት ትመለከታለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ሲፈቅድ፥ ወንጀልን ለዚህ አልሰጠም። ስለሆነም ዳኛው ወንጀለኛውን ሲቀጣ ሽማግሌዎቹ ወገኖቹን እንዲያስታርቁ ሁለቱን ሥራዎች ማስተባበር የአስተዳዳሪው ብልኃት ነው።

ከግጦሹ ርቆ በናይሮቢ

ይህ ባህል ከግጦሽ መሬት ርቆም በከተማ ይኖራል። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ መጀመሪያ ዘመን ሶማሌዎች ወታደርና የከብት ነጋዴ ሆነው ወደ ናይሮቢ ገቡ። በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ በዘር ተከፋፍላ ነበር፤ እንደ ላቪንግተን ያሉት የምዕራብ ሰፈሮች የአውሮፓውያን መኖሪያ ሲሆኑ፥ ሶማሌዎች ከእስያ ተወላጆች ጋር በምሥራቅ በኩል በኢስሊ ሰፈሩ።

በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ወገኖቻቸው አብዛኞቹ ከሶማሊያ ጋር መዋሐድን እንደሚሹ በ1955 ዓ.ም. ለአጣሪ ኮሚሽን ገልጸው ነበር፤ ጥያቄው ሳይፈጸም በ1956 ዓ.ም. ኬንያ ነፃ ወጣች፤ እስከ 1960 ዓ.ም. የቆየ ውጊያም ተከተለ። በእኛም ወገን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። በሁለቱም ስፍራ በወሰን ምክንያት የተነሣው ጠብ ዋጋውን ያስከፈለው እረኛውን ነው።

በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ብዙ ስደተኞች ወደ ኢስሊ ገቡ። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤት ክፍሎቹ ሱቆች ሆኑ፤ ሰፈሩም ታላቅ የንግድ ቦታ ሆነ። በዚያ ዱቤ የሚሰጠውና ገንዘብ በሐዋላ የሚላከው በብዙው በወገን ዋስትናና በቃል እምነት ነው፤ ከዛፉ ሥር የነበረው ሔር ወደ ገበያ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ የዘሩ ክልከላ ስለ ቀረ፥ የበለጸጉ የሶማሌ ቤተሰቦች ላቪንግተንን በመሰሉ ሰፈሮችም ይኖራሉ። በ1997 ዓ.ም. የሶማሊያ የሽግግር ፕሬዚዳንት የተመረጡትም በዚችው በናይሮቢ ነው።

እንግዲህ የሶማሌ ሕዝብ ሕጉን ከቤቱ ጋር ጭኖ የሚጓዝ ሕዝብ ነው። ዝናብ ተከትሎ የመጣውን እረኛ እንደ ወራሪ ከመቁጠር በፊት ወቅቱን መጠየቅ፥ ደም ሲፈስም ከፖሊስ ጋር ሽማግሌውን መጥራት ለእያንዳንዱ ሹም የሚገባ ነው። በጅጅጋ ገበያ ወይም በአዋሳኝ ወረዳ ከሶማሌ ጎረቤቱ ጋር የሚገበያይ የከተማ ሰውም ይህን ቢያውቅ፥ ጉርብትናው የጸና ይሆናል።