ድድዎ ሲደማ ምን እየነገረዎት ነው?



ለፈጅር ሶላት ዉዱእ ሲያደርጉ የተጉመጠመጡበት ውኃ ደም ቀላቅሎ ያውቃል? ብዙዎቻችን «መፋቂያው ወግቶኝ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ እስኪሻለን ድረስም መፋቁን እናቆማለን። ይሁን እንጂ ጤናማ ድድ በአግባቡ ሲፋቅ አይደማም። ደጋግሞ የሚደማ ድድ የታመመ ነው፤ መፋቅ ማቆም ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል። በዚህ ወር አምዳችን የድድ በሽታ ደረጃዎችን እንመለከታለን።

መነሻው

በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየዕለቱ የሚያጣብቅ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይጋገራል። በዉዱእ ጊዜ መጉመጥመጥ የምግብ ፍርፋሪ ያወጣል፤ ይህ ሽፋን ግን ካልተፈተገ አይለቅም። ሲዋክ የተወደደ ሱንና መሆኑን እናውቃለን፤ ለጤናም ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የድድ መቆጣት

ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲፋቅ ይደማል። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ችላ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ 12 ጤናማ ሰዎች ለጥናት ሲባል ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ፤ ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ተሻላቸው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ በሽታው በቤት ውስጥ ጽዳት ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል።

ደረጃ 2፦ አጥንት መበላት ሲጀምር

ያልተነሣው ሽፋን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ መፋቂያ አያስለቅቀውም። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጥራል። በጤናማ ድድ ይህ ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አፍ ይሸታል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል። የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ሆኖም የጥርስ ሐኪም ቢያጸዳው በሽታውን ባለበት ማቆም ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ጥርስ ሲነቃነቅ

መግል ይወጣል፣ ማኘክ ያስቸግራል፣ ጥርስ ይወልቃል። «እርጅና ነው» ይባላል እንጂ ጥርስ በዕድሜ ብቻ አይወልቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል። ሲጋራና የስኳር በሽታ ያባብሱታል።

ከጃናሞራ መካነ ብርሃን ተነሥቶ፣ በደባርቅና በዳባት አልፎ ጎንደር ድረስ ለሕክምና መጓዝ ገንዘብም ቀንም ይፈጃል። ደረጃ 1 ላይ ግን የሚያስፈልገው መፋቂያና ትጋት ብቻ ነው።

ወላጆች ሆይ!

በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ምግብ ያነሰው ወይም በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ድዱ ሲቆስል ነገሩ ሌላ ነው። ኖማ የሚባለው በሽታ ከድድ ቁስል ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበላል። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን ያጠቃል፤ ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል። የልጅዎ ድድ ቆስሎ አፉ ከሸተተ ወይም ጉንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ምን እናድርግ?

• የወይራ መፋቂያ ጫፉን እንደ ብሩሽ እስኪሆን አኝከው፣ በድዱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ይፋቁ፤ የውስጡንም ጎን አይርሱ።
• በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት ያጽዱ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ይጠቀሙ።
• በረመዳን ከሱሑር በኋላ ሳይፍቁ አይተኙ።
• ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ከማዕድ አይጥፉ፤ ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ድድ ይደማል።
• በደንብ እየፋቁ 2 ሳምንት ካለፈና መድማቱ ካልቆመ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።