ሁለት ነገሮች የሚገናኙበት ድንበር



ልጆች፣ የእርሻ ድንበር ታውቃላችሁ፡፡ የአንዱ ማሳ አልቆ የሌላው የሚጀምርበት ነው፡፡ ነገሮችም እንዲሁ ድንበር አላቸው፡፡ እናታችሁን አስፈቅዳችሁ በብርጭቆ ውኃ ቅዱና ጥቂት የኑግ ዘይት ጨምሩበት፡፡ ዘይቱ ከውኃው ስለሚቀል ከላይ ይሰፍራል፡፡ በመካከላቸው የምታዩት መስመር ድንበራቸው ነው፡፡

አሁን ደግሞ ከበሮን እንመልከት፡፡ አካሉ የተቦረቦረ ግንድ ሲሆን 2ቱ አፎቹ በቆዳ ይሸፈናሉ፡፡ እንጨትና ቆዳ በራሳቸው አይያያዙም፤ ስለዚህ ቆዳው በጠፍር ተወጥሮ ይታሰራል፡፡ (ጠፍሩ የጌታችንን የግርፋት ሰንበር እንደሚያመለክት ተምራችኋል፡፡) በክረምት ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይወጠራል፡፡ እንጨቱ ግን እንደ ቆዳው አይለዋወጥም፡፡ አንዱ ሲሳብ ሌላው ስለማይሳብ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በመገናኛቸው ላይ ነው፡፡

የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ ነው፡፡ ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በውስጡ ያለው እንጨት ግን ብዙም አይኮማተርም፡፡ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ሁለቱ ከሚገናኙበት ነው፡፡ አባቶቻችን ጭድ ከጭቃው ጋር የሚያቦኩት እርስ በርሱ እንዲያያዝ ብለው ነው፡፡

ውኃም መግቢያ የሚፈልገው በመጋጠሚያ በኩል ነው፡፡ የድጓ ምስክር በሚሰጥበት በጋይንት ቤተልሔም፣ ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በሌላ ክብ ቤት ውስጥ ይገኛል፡፡ የውጪው ቤት ዝናቡን ስለሚመክትለት፣ የውስጡ ግንብና የእንጨት መቃኑ የሚገናኙበትን ቦታ ውኃ በቀላሉ አያገኘውም፡፡

በብዙ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎቹ የተሣሉት በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፡፡ ክዳኑ ካፈሰሰ ውኃው በጨርቁና በግድግዳው መካከል ይገባል፤ ማጣበቂያው ይለቅና ጠርዙ ይነሣል፡፡ ልጅ ሳለሁ በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ አልነበረውም፡፡ ጠርዙን ያነሣው ዝናብ ነበር፤ የቀረውን ግን እኛ ልጆቹ በጣታችን እየላጥን ጨረስነው፡፡ እኔም አንዱ ነበርኩ፡፡ ሥዕሉን ባየሁት ቁጥር እስከ ዛሬ አፍራለሁ፡፡ እናንተ ግን የተነሣ ጠርዝ ስታዩ አትንኩት፤ ሮጣችሁ ለቄሰ ገበዙ ንገሩ፡፡

ጥያቄ
1. ከበሮ ፀሐይ ሲሞቅ ድምፁ የሚለወጠው ለምንድን ነው?
2. በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ፈልጉ፡፡ በዚያ ቦታ ምን ከምን ጋር ይገናኛል?