ሣሩ ሳይበቅል ዕዳው ሲደርስ

በእርሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ገበሬው አፈሩን በነፋስና በጎርፍ የሚያስወስደው ባለማወቅ ነው» የሚለው መልስ አዘውትሮ ይሰማል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ የተዘረጋውን የአሜሪካ ዝናብ አጠር ሜዳ እንመልከት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የስንዴ ዋጋ ሲወደድ በዚያ አገር ብዙ የሣር መሬት ታረሰ። ኋላ ዋጋው ወደቀ። ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? ዕዳ አለበት፤ ስለዚህ ጨምሮ አረሰ። በ1930ዎቹ ድርቁ ሲመጣ ሣሩ የተነቀለበት አፈር በነፋስ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1935 የተነሣው አቧራ ቀኑን ስላጨለመው «ጥቁሩ እሑድ» ተባለ። በዚያው ወር የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ መሥሪያ ቤቱንም ሂው ቤኔት የተባለው የአፈር ሊቅ መራው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የታረሰ መሬት መልሶ ሣር እንዲለብስ ከተፈለገ ሣሩ ሥር እስኪይዝ ድረስ ከብት አይገባበትም፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። አበዳሪው ግን ወለዱን በየዓመቱ ይጠብቃል። ብድር ብቻውን ሲሰጥ ገበሬውን ወደ ማረሻው ይመልሰዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ለዚሁ ሜዳ የወጣው የጥበቃ ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞከረ፦ ገበሬው ወይም ከብት አርቢው ከ3 እስከ 10 ዓመት ውል ይገባል፤ ለሣሩ፣ ለእርከኑ፣ ለውሃ ገንዳው ከሚወጣው ወጪ መንግሥት ከፊሉን ይሸፍናል። የ1985ቱ ሕግ ደግሞ ገፋ አደረገው። በቀላሉ የሚሸረሸር መሬቱን ማረስ ትቶ ሣር ወይም ዛፍ ላለበሰ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። በአንጻሩ እንዲህ ያለውን መሬት ያለ ጥበቃ ዕቅድ አዲስ የሚያርስ ሰው የመንግሥት ብድርና ድጎማ ይቀርበታል።

ሕጉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጽሕፈት ቤቱ ሊያበላሸው ይችላል። ጥቁር ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ የደቡብ ሰዎች፣ ብድር በዘራችን ምክንያት ተከለከልን፣ ሲሰጠንም የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1997 የእርሻውን መሥሪያ ቤት ከሰሱ። በ1999 በስምምነት ተዘጋ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ከወቅቱ ያለፈ ብድር ለገበሬ ምን ይረባል?

በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በድርቅ በሚጠቁ ወረዳዎች እርከን ለሚሠራው ችግረኛ እህል ወይም ገንዘብ ይከፍላል። ይህ ክፍያ እርከኑ ፍሬ እስኪሰጥ ለመቆየት ይረዳል። ብድሩ ግን የራሱ ቀን አለው።

ለክፍል ሥራ፦ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንዱ አንድ የሠፈራቸው ገበሬ ብድር የሚከፍልባቸውን ወራት፣ በሌላው የተከለለ ኮረብታ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ይጻፉ። በመካከል ባዶ የሚቀሩትን ወራት ቤተሰቡ በምን ይሻገራል? መልሱን ወላጆቻቸውን ጠይቀው ያምጡ።