ከጋቢ ላይ የተነሳች አንዲት ፀጉር

«ታናሽ ወንድሜ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ከተያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሟች ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቤታቸው እየገባ ቡና ይጠጣ ነበር። ጋቢያቸው ላይ የተገኘች ፀጉር ከሱ ፀጉር ጋር ትመሳሰላለች ተባለ፤ አሁን ደግሞ ለምርመራ ፀጉር ስጥ ብለውታል። እምቢ ማለት ይችላል? ፀጉሯ የሱ ከሆነችስ አለቀለት ማለት ነው?»

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛል። አላለቀለትም።

ከሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፋል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል፤ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ደግሞ በሌላ ሰው ነጠላ ተይዞ ሰፈር ይሻገራል። ቡና ሊጠጣ የሚገባ ጎረቤት ፀጉር ጋቢ ላይ ቢገኝ ምኑ ይገርማል? የክር ማስረጃም እንዲሁ ነው። «በተጠርጣሪው ጃኬት ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተገኝቷል» ቢባል፣ ጋቢና ነጠላ በሚለበስበት አገር ያ ክር የማይገኝበት ጃኬት ማን አለው? ክር ክብደት የሚኖረው ብርቅ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ አትላንታ ውስጥ ዌይን ዊሊያምስ የተባለ ሰው በነፍስ ግድያ ሲፈረድበት የምንጣፍ ክሮች ዋና ማስረጃ የሆኑት፣ አንደኛው ክር ቅርጹ ያልተለመደ፣ በገበያም ብዙ ያልነበረ ስለሆነ ነው።

ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያየው የፀጉሩን ቀለም፣ ውፍረት፣ የውጭ ቅርፊቱንና የውስጥ አሠራሩን ነው። የሰው ይሁን የእንስሳ፣ ቀለም የተቀባ ይሁን ያልተቀባ፣ ተነቅሎ ይሁን ረግፎ ሊናገር ይችላል። የእገሌ ነው ማለት ግን አይችልም። «ይመሳሰላል» እና «የሱ ነው» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ችሎት ላይ ግን በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ እሰማለሁ።

ዲኤንኤስ? ከሥሩ ሥጋ ይዞ የተነቀለ ፀጉር ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ከረገፈ ፀጉር ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእናት የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ነው። እርስዎና ወንድምዎ የአንድ እናት ልጆች ከሆናችሁ በዚህ ምርመራ አትለያዩም፤ የአክስታችሁ፣ የእናታችሁ እህት ልጆችም እንደዚያው። (በነገራችን ላይ ሂውማን ሄር የተሠራች ሴት ከራሷ ላይ የሚወድቀው ፀጉር አይታት የማታውቃት የሌላ ሴት ሊሆን ይችላል።)

ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ በሚነዱባት ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የታክሲ ሹፌር ተገደለ። ገዳዩ ለብሶታል ከተባለ የስቶኪንግ ጭምብል ላይ 13 ፀጉሮች ተነሱ። የኤፍቢአይ ባለሙያ አንደኛዋ ከተጠርጣሪው ከሳንቴ ትሪብል ፀጉር ጋር በሁሉም ረገድ ትመሳሰላለች አለ፤ ዐቃቤ ሕጉ የሌላ ሰው የመሆን ዕድሏ ከ10 ሚሊዮን አንድ ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ትሪብል ግድያው ሲፈጸም የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ 28 ዓመት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዲኤንኤ ሲመረመር ከ13ቱ አንዷም የሱ አልነበረችም። አንደኛዋ እንዲያውም የውሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፍቢአይ ራሱ ባመነው መሠረት፣ ባለሙያዎቹ ተከሳሽን የሚጎዳ የፀጉር ምስክርነት ከሰጡባቸውና ከተገመገሙት 268 ችሎቶች በ257ቱ ስሕተት ተናግረዋል።

አሁን ወደ «እምቢ ማለት»። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዳይናገር፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይጠብቀዋል። ፀጉር ግን ቃል ነው ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ደም ሲጠየቅ ቃል አይደለም ብሏል። የእኛ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የደም ምርመራን በስም ይጠራል፤ ስለ ፀጉር ዝም ይላል። ስለዚህ በእምቢታው ብቻ ያመልጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። አጥብቆ መያዝ ያለበት የአንቀጹን ሌላ ክፍል ነው፦ የሚመረምረው ሐኪም ነው፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰፍራል። ጣቢያ ውስጥ መርማሪው ራሱ በመቀስ ልቁረጥ ካለ አይታገል፤ ተቃውሞው መዝገብ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅና ለጠበቃው ይንገር።

ሌላም አለ። ፖሊስ በየቀጠሮው «የፎረንሲክ ውጤት አልደረሰም» እያለ ተጨማሪ 14 ቀን መጠየቁ አይቀርም። ጠበቃው ይህን ዝም ብሎ ማሳለፍ የለበትም። ላቦራቶሪ የገባን ፀጉር ወንድምዎ ከቤቱ ሆኖ ምን ሊያደርገው ይችላል? ውጤት መጠበቅ ብቻውን ለማሰር ምክንያት አይሆንም ብሎ መከራከር ይገባዋል፤ እኔም ተከራክሬ የተሳካልኝም ያልተሳካልኝም ጊዜ አለ።

ክስ ከተመሠረተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የላቦራቶሪው ወረቀት ብቻ ተነቦ እንዳይታለፍ፣ ፀጉሩን የመረመረው ባለሙያ ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተን ብላችሁ አመልክቱ። ወንድምዎ ቡና ሲጠጣ ያዩትን ጎረቤቶች ስም ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይያዙ።

የጋቢውን መንገድም አስጠይቁ፦ ማን አነሳው፣ በምን ያዘው፣ መቼ ታሸገ? ከዓመታት በፊት በያዝኩት መዝገብ የሟች ሹራብና የደንበኛዬ ኮት ለየብቻቸው በወረቀት መታሸግ ሲገባቸው ላቦራቶሪ የደረሱት አብረው ነበር። ኤግዚቢቱን የተረከበውን ፖሊስ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ስጠይቀው አልተደናገረም። «የነበረኝ ፌስታል አንድ ነው» አለ።